የካሜራ ልብስ በእናት ስፌት መኪና

አንዲት ተማሪ ከዚሁ ከሀዋሳ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ጋሼ፣ ለፋሲካ ከጓደኞቼ ጋር በአርባ ምንጭ በኩል ጂንካ ልንሄድ ነው። ካሜራዬን አጎቴ ነው የሰጠኝ፤ ቦርሳ የለውም። እናቴ ሲንጀር የስፌት መኪና አላት። እኔም ቀጥ አድርጌ መስፋት እችላለሁ። ቤት ውስጥ የተረፈ የፍራሽ ስፖንጅና አሮጌ ጂንስ አለ። በዚህ ልሰፋለት እችላለሁ? ስፖንጁ ምን ያህል ይወፍር? ዝናብ ቢመጣስ? ካሜራው ወርዱ 13 ሴንቲ፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ነው። ከጀርባው እስከ ሌንሱ ክዳን ደግሞ 14 ሴንቲ ነው።»

እህቴ፣ በደንብ ትችያለሽ። ልኩን ጽፈሽ መላክሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው «ለካሜራ የሚሆን ቦርሳ» ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ጂንሱ ይሆናል። የፍራሹን ስፖንጅ ግን ተዪው። ስለ ውፍረቱ ከማውራቴ በፊት ደግሞ ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ላስቀድም፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ሥራዬ ቦርሳ ስፌት ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው ፎቶ የሚያነሡ ልጆች፣ የሠርግ ካሜራማኖች፣ አንዳንዴም ለወፍ የሚመጡ እንግዶች የተቀደደ ቦርሳ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሠርግ አንሺ ከጨርቅ የሰፋሁት ቦርሳ ነበር። በአራቱም ጎን፣ ከታችም ሦስት ጣት የሚወፍር ስፖንጅ አለው። ሳስረክበው ኮርቼበት ነበር። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ሰውዬው ካሜራውን ይዞ ተመለሰ። አንድም ጭረት የለበትም። ሌንሱን በሁለት ጣቱ ይዞ ነካ ሲያደርገው ግን እንደተነቃነቀ ጥርስ ይላወሳል።

ቦርሳውን ከፍቼ እጄን ወደ ታች ሰደድኩ። ወለሉ ላይ ያለው ስፖንጅ ክብ ሆኖ ጎድጉዷል። ዳር ዳሩ ጠጥሯል፤ ልክ የስኒ ቂጥ የተጫነው ያህል። የሌንሱ አፍ ምልክት ነው። ካሜራው በዚያ ሁሉ መንገድ በሌንሱ አፍ ቆሞ ነበር የሚጓዘው። መኪናው በነጠረ ቁጥር የካሜራው ክብደት በሙሉ ሌንሱ ከሰውነቱ ጋር በሚገጥምበት ቀለበት ላይ ያርፋል። የእኔ ወፍራም ስፖንጅ ከውጭ የሚመጣውን ግጭት ተከላክሏል። ከውስጥ ያለውን ግን አላሰብኩለትም ነበር።

ስለዚህ ካሜራው በትከሻው ይረፍ። ትከሻ የምለው ከሌንሱ ግራና ቀኝ ያለውን የካሜራውን ፊት ነው። ሌንሱ በሁለት ትራሶች መሀል ይንጠልጠል፤ ከታች ወለሉን አይንካ። በሱቅ ቦርሳዎች ውስጥ የምታዪአቸው መከፋፈያዎች አንዱ ጥቅማቸው ይሄ ነው። ይሄን ከያዝሽ የቀረው ተራ ስፌት ነው።

አሁን ወደ ስፖንጁ። የፍራሽ ስፖንጅ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ውሃ ይጠጣል። ትንሽ ቁራሽ ውሃ ውስጥ ከተሽ ጭመቂው፤ መልሶ የሚያወጣውን ታያለሽ። ቦርሳሽ አንዴ ከረጠበ ካሜራሽን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለሽ ትዞሪያለሽ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሲያረጅ ይፈረፈራል። ያ ቢጫ ብናኝ በየት በየት ብሎ ሌንስ ውስጥ እንደሚገባ እኔ እንጃ፤ ግን ይገባል። የምትፈልጊው ሰዎች ስፖርት ሲሠሩ መሬት ላይ የሚያነጥፉትን ዓይነት ጠንከር ያለ ምንጣፍ ነው። ውሃ አይጠጣም። በሁለት ጣትሽ ቆንጥጠሽ ሞክሪው። ጣቶችሽ በመሀሉ ከተገናኙ ለስላሳ ነው፣ ተዪው። ካልተገናኙና ሲለቁት ወዲያው ከተመለሰ እሱ ነው። 1 ሴንቲ ውፍረት ይበቃል። ያገኘሽው ግማሽ ሴንቲ ከሆነ ሁለት ንብር አድርጊው። ጂም ቤት የተቀደደ ምንጣፍ ይጣላል፤ ጠይቂ፣ በነጻ ሊሰጡሽ ይችላሉ።

ለገበሩ ደግሞ ብናኝ የሌለው ጨርቅ ምረጪ። ከፋይም ሆነ ጸጉራም ብርድ ልብስ ለእጅ ይመቻል እንጂ ለካሜራ አይሆንም፤ ጸጉሩ ይረግፋል። ብዙ የታጠበ የወንድ ሸሚዝ ካለ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል፤ የሚረግፈው ረግፎ አልቋል። ነጣ ያለ ቀለም ይሁን። ጥቁር ገበር ውስጥ የወደቀ ጥቁር የሌንስ ክዳን በእጅ ሲዳበስ ይዋላል።

ክሩን አትርሺ። አንዲት ቁራጭ ክር በክብሪት አቃጥያት። አመድ ከሆነች ጥጥ ናት። ቀልጣ ጫፏ ላይ ጠጠር ከሠራች ፖሊስተር ናት። ለዚህ ሥራ ሁለተኛዋን ያዢ፤ ጥጥ ክር እየረጠበ እየደረቀ ሲቆይ ይበሰብሳል። ለጂንስ 16 ቁጥር መርፌ ግዢ። የስፌቱን እርምጃ 3 ሚሊ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጊው። «ጠበቅ ይበል» ብለሽ በጣም ካሳጠርሽው መርፌው ጨርቁን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳዋል፤ ክብደት ሲያርፍበት በዚያው መስመር ይተረተራል።

ልኩን በጋዜጣ ወይም በደብተር ወረቀት መጀመሪያ ቁረጪ። በወረቀት መሳሳት አይከፈልበትም። ካሜራው ሌንሱን ወደ ታች አድርጎ ይገባል እንበል። ለመግባት ለመውጣት እንዲመች በየልኩ ላይ 1 ሴንቲ እንጨምራለን፤ ውስጡ 14 በ11 ይሆናል። ጥልቀቱ 16 ይሁን፤ 14ቱ የካሜራው፣ አንዷ ከሌንሱ በታች ያለችው ክፍተት፣ አንዷ ከላይ መተንፈሻ። ከዚህ በላይ አታስፊው። የሚንከባለልበት ቦታ ያገኘ ካሜራ ራሱን በራሱ ይመታል።

ስፖንጁ በየጎኑ 1 ሴንቲ ስለሚይዝ የውጩ ሳጥን 16 በ13፣ ጥልቀቱ 17 ነው። ስለዚህ ከጂንሱ ዙሪያውን የሚሸፍን አንድ ረጅም ቁራጭ ትቆርጫለሽ፤ 62 በ22 ሴንቲ። ከ62ቱ 58ቱ የሳጥኑ ዙሪያ ነው፣ 1 ሴንቲ ማዕዘን ላይ ለሚበላው፣ 3ቱ የስፌት ትርፍ። ከ22ቱ ደግሞ 17ቱ ጥልቀት፣ 1 ተኩሉ የታች ስፌት፣ የቀረው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ። ወለሉ 19 በ16 ይቆረጣል። ገበሩ የውስጡን ልክ ይከተላል፦ ዙሪያው 53 በ18 ተኩል፣ ወለሉ 17 በ14። ከስፖንጁ 16 በ16 የሆኑ ሁለት፣ 11 በ16 የሆኑ ሁለት፣ ለወለል 16 በ13 አንድ። ስፖንጁን በመቀስ አትቁረጪው፤ ጠርዙ ይንጋደዳል። ብረት ማስመሪያ አስደግፈሽ በአዲስ ምላጭ፣ ሳትጫኚ ሁለት ሦስት ጊዜ መላልሰሽ ሂጂበት። ጂንሱ ላይ ለማስመር ጠመኔ ከሌለሽ ያለቀ የሳሙና ስባሪ ከጠመኔ ይበልጣል፤ መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲታጠብም ይጠፋል።

ትራሶቹ ላይ ጊዜ ውሰጂ። ካሜራሽን ፊት ለፊት እዪው። ሌንሱ ብዙውን ጊዜ ከመሀል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ነው የሚቀመጠው። በቀኝ እጅሽ የምትይዢው እጀታ ያለበት ጎን ሰፊ ነው፣ ያኛው ጠባብ። ሰፊው ጎን 4 ንብር፣ ጠባቡ 2 ንብር ስፖንጅ ይይዛል። መሀሉ 8 ሴንቲ ይቀራል፤ ሌንስሽ 7 ሴንቲ ገደማ ስፋት ካለው ሳይነካካ ይገባል። እሱንም ለኪው። የሁለቱም ትራስ ርዝመት 11 ነው። ከፍታቸው ግን እኩል አይደለም። በየጎኑ ከካሜራው ፊት እስከ ሌንሱ ክዳን ጫፍ ለኪና 1 ሴንቲ ጨምሪ። እጀታው ወደ ፊት ወጣ ያለ ስለሆነ እዚያ ያለው ትራስ ያጥራል። እኩል ካደረግሻቸው ካሜራው ተንጋዶ ይቀመጣል፤ ሌንሱም በአንድ ጎኑ ይደገፋል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

የስፖንጁን ንብሮች አቁመሽ ደርድሪያቸው፣ በገበሩ ጨርቅ እንደ ትራስ ልብስ ሸፍኛቸው። የገበሩ ዙሪያ ገና ዝርግ እያለ ትራሶቹን ቦታቸው ላይ በእጅ ስፊያቸው። ሳጥን ከሆነ በኋላ እጅሽ አይገባም።

ስፌቱ ላይ አንድ ሕግ አለኝ፦ ስፖንጅ ከመኪናው እግር ሥር አይገባም። የድሮ ሲንጀር ጠንካራ ናት፣ ጂንስ አራት እጥፍ ትበሳለች። ስፖንጅ ላይ ግን ጨርቁ ይንሸራተታል፣ የታችኛው ክር ይላላል፣ መርፌም ይሰበራል። እኛ የምንሰፋው ሁለት ከረጢት ነው፤ አንዱ ጂንስ፣ አንዱ ገበር። የጂንሱን ዙሪያ ገጥመሽ ስፊ፣ ወለሉን ከታች በስፒል ያዢውና ዙሪያውን ሂጂበት። ማዕዘን ላይ ስትደርሺ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ እግሩን አንሺ፣ ጨርቁን አዙሪ፣ እግሩን መልሺ። ስፌት ስፌት ላይ ተደራርቦ በሚወፍርበት ቦታ ፔዳሉን ተዪውና መዘውሩን በእጅሽ እያዞርሽ እለፊ። እኔ ወፍራሙን ቦታ አስቀድሜ በመዶሻ ቀስ ብዬ እቀጠቅጠዋለሁ፤ ይተኛል። ገበሩንም እንዲሁ ሰፍተሽ በጂንሱ ውስጥ አስገቢው። በሁለቱ መሀል ስፖንጆቹን አንድ በአንድ አውርጃቸው፤ መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ሰፊዎቹ ጎኖች፣ መጨረሻ ጠባቦቹ። ከዚያ የጂንሱን አፍ ወደ ውስጥ አጥፈሽ ስፖንጁን ካለፈ በኋላ ገበሩ ላይ በእጅ ቀምቅሚው። ቆይቶ ስፖንጁ ቢረጥብ ወይም ቢደክም ይሄን ቅምቅማት ፈትተሽ መቀየር ትችያለሽ።

ክዳኑ ከጀርባው ተነሥቶ ላዩን ይሸፍናል፤ በፊት በኩል 8 ሴንቲ ይወርዳል። ጂንሱንም ገበሩንም 19 በ24 ቁረጪ። ካሜራው ሌንሱን ወደ ታች ስላደረገ ወደ ላይ የሚያየው መስተዋቱ ነው፤ ፎቶ የምታዪበት። አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው ክርኑን ቢያሳርፍበት የሚሰበረው እሱ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ውስጥ ከስፖንጁ በላይ ጠንካራ ነገር ክተቺ። የዘይት ጀሪካን ጎን ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ማዕዘኑ ክብ ተደርጎ ልክ ይሆናል። በክዳኑ ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ የሚወርዱ ጆሮዎች ጨምሪ። የመንገድ አቧራ ባገኘው ክፍተት ሁሉ ይገባል።

መዝጊያው ላይ ብዙ ሰው ዚፕ ይመርጣል። እኔ ለዚህ ዓይነቱ አልመክርም። የብረት ዚፕ ጥርስ ካሜራውን ባወጣሽው ቁጥር ይፍቀዋል። ደግሞም አቧራ የገባበት ዚፕ መንገድ ላይ ይነክሳል። ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ የፕላስቲክ ክሊፕ ፍቺ፤ በአንድ እጅ ይከፈታል። ማንገቻውንም ከዚያው ቦርሳ ውሰጂ። ግን ጎንና ጎኑ ላይ ብቻ ለጥፈሽ እንዳትተዪው። ጥብጣቡ በአንዱ ጎን ወርዶ በወለሉ ሥር ዞሮ በሌላው ጎን ይውጣ። ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ ራሱ ነው፣ ስፌቱ አይደለም። በየጎኑ አራት ማዕዘን ስፊና መሀሉን በመስቀል አቋርጪው። ይሄ ሁሉ ጂንሱ ሳጥን ከመሆኑ በፊት ነው የሚያምረው። የወለሉ ሥር ያለውን ብቻ በኋላ በእጅ ታጠብቂዋለሽ።

ዝናቡን በተመለከተ ሚያዝያ በደቡብ ዝናብ ነው፣ ስለዚህ ተዘጋጂ። ጂንስ ብቻውን ውሃ ያስገባል። መፍትሔው ቅርብ ነው፤ የማር ሰም። ስፖንጁን ከመክተትሽ በፊት የጂንሱን ከረጢት በውጭ በኩል በሰም ቁራጭ አጥብቀሽ እሺው፣ በተለይ የስፌቱን መስመር፤ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ነው ውሃ የሚያስገባው። ከዚያ ወረቀት አልብሰሽ ሞቅ ያለ ካውያ አሳልፊበት። ሰሙ ጨርቁ ውስጥ ሲሰርግ ቀለሙ ጠቆር ይላል። ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የአርባ ምንጭ ሙቀት አያቀልጠውም። ፀሐይ የመታው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ግን አታስቀምጪው፤ ለካሜራውም ደግ አይደለም። ይሄ ካፊያን ያቆማል። ለዶፉ ሌላ አለ። የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ከሽቦው ፍቺ፣ ቦርሳውን ከላይ የሚያለብስ ቆብ አድርገሽ ስፊ፣ አፉ ላይ ላስቲክ አስገቢ። ታጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል። ከጃንጥላ ጨርቅ የተሻለ ለዚህ የሚሆን ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይሄ የመንገድ ልብስ ነው፣ የቤት አይደለም። ስትመለሺ ካሜራውን በውስጡ ዘግተሽ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳትረሺው። ሀዋሳ ሐይቅ አጠገብ ነን። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ፣ በተለይ ጨለማና አየር የማይዘዋወርበት ቦታ፣ ሌንስ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ክር ሆኖ በሌንሱ መስተዋት ውስጥ ይዘረጋል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኚያቸውን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ፓኬቶች ሰብስቢ፣ ሁለት ሦስቱን ለጉዞው ገበሩ ውስጥ ጣል አድርጊ። እነሱም ይጠግባሉና ቀያይሪያቸው። ሩዝ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ሩዝ ዱቄት አለው፣ ከሌንስ አርቂው።

እግረ መንገዳችሁን ዶርዜ ከወጣችሁ ደግሞ ይሄን አስቢ። ዶርዜ አጠገብ ያለችው ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርድ ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀት ነው። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እንደሚያልበው፣ ከብርዱ የወረደ ካሜራም ሞቃቱ አየር ውስጥ ወዲያው ከወጣ ያልበዋል። ውጩን በጨርቅ ትጠርጊዋለሽ፣ ውስጡን ግን አትደርሺበትም። ከተማ ስትደርሱ ክዳኑን ሳትከፍቺ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆዪ። ወፍራሙ ልብስ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ያደርገዋል። ጓደኞችሽ «አንሺን እንጂ» ቢሉሽም ታገሺ።

መኪና ውስጥ ሲሆን ፖርቶ መጋላ ላይ በፍጹም አይወጣም። ከወንበር ሥርም አታድርጊው፤ ወለሉ ነው ከሁሉ የሚንቀጠቀጠው። ጭንሽ ላይ ያዢው። የሰው ጭን የትኛውም ስፖንጅ የማይችለውን ንዝረት ይውጣል። ባትሪውን አውጥተሽ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ፤ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ አይግባ።

ካሜራውን ከመክተትሽ በፊት ደግሞ ቦርሳውን ፈትኚው። ጥሬ እንቁላል በፌስታል ቋጥረሽ በሁለቱ ትራሶች መሀል ወለሉ ላይ አስቀምጪ። የካሜራሽን ወርድ የሚያህል ጣውላ ቁረጪና ልክ እንደ ካሜራው ትከሻ ትራሶቹ ላይ አሳርፊው፤ በላዩ አንድ ኪሎ ጨው ጨምሪበት። ክዳኑን ዝጊ። ከጉልበትሽ ከፍታ ምንጣፍ ላይ ጣይው። ከዚያ በባጃጅ ወጥተሽ ኮብልስቶን መንገድ ላይ አንድ ዙር አዙሪው። ቤት ገብተሽ ክፈቺና እዪ። እንቁላሉ ደኅና ከሆነ ሌንስሽም ደኅና ይጓዛል። ከተሰበረ ትራሶቹ አጥረዋል ወይም ለስልሰዋል። ከሥራቸው አንድ ንብር ጨምሪና በሌላ እንቁላል ድገሚው።